ላስቲኩ ከታች ይግባ እንጂ ከላይ አይነጠፍ!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ ጽዳትና ስለ ጥበቃ ብዙ ተብሏል። ስለምንረግጠው ወለል ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ዛሬ እሱን እናነሳለን፤ የሚከፋውም ይከፋው።

በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቻችን ከቤታችን አንዲት ጠባብ ክፍል ለይተን ቢሮ አድርገናል። መምህሩ የፈተና ወረቀት ያርምባታል፤ ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ተክላባታለች፤ የዕድር ጸሐፊው መዝገቡን ያስቀምጥባታል፤ ተማሪው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ያመሽባታል። መልካም ነው። ታዲያ የክፍሏ ወለል አፈር ሲሆን ምን እናደርጋለን? ሱቅ ሄደን ባለ አበባ የፕላስቲክ ምንጣፍ በሜትር አስቆርጠን አፈሩ ላይ እንዘረጋና «ቢሮዬ አማረ!» እንላለን። ኧረ ለመሆኑ ምኑ ነው ያማረው?

እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነኝ። የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ካለፈ በኋላ ምንጣፉን ብገልጠው አፈሩ ረጥቦ፣ ሻጋታ አብቅሎ አገኘሁት። በካርቶን አድርጌ መሬት ላይ ያስቀመጥኳቸው የልጆቼ የትምህርት ማስረጃዎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የካርቶኑን ሥር ደግሞ ምስጥ ጨርሶታል። በርካሽ ገዛሁ ያልኩት ምንጣፍ እንዲህ ተወደደብኝ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመሬት እርጥበት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ላስቲክ ሲጋረድበት መውጫ አጥቶ እዚያው ይታመቃል። በበጋ ደግሞ በምንጣፉ ጠርዝና በግድግዳው ሥር አቧራ ይከማቻል። ሙጀሌ የሚራባው እንዲህ ባለ ደረቅ አቧራማ አፈር ውስጥ ነው። ልጆቻችን በባዶ እግራቸው የሚውሉትም እዚያው ላይ ነው!

«ሴራሚክ እስካስነጥፍ ይቆየኝ» የሚሉም አሉ። ዕቁቡ ይደርሳል፣ ለሌላ ጉዳይ ይውላል፣ ዓመቱ ይሄዳል፤ ወለሉ ግን ያው አፈር ነው። ሊሾ ምን ያሳፍራል?

ከበላያችን፣ ጨንቻ አጠገብ ያሉትን ዶርዜዎች እንይ። የቀርከሃ ቤታቸውን ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥሉታል እንጂ አይሸፍኑትም። ቤቱ ቁመቱ እያጠረ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ችግርን ከሥሩ መያዝ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ 3 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነች ክፍል እንዲህ ይደረግ፦

1ኛ/ ልሙ አፈር ተቆፍሮ ይውጣ፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ ይደርደር፤ ክፍተቱ በአሸዋ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ።

2ኛ/ ወፍራም ላስቲክ ይዘርጋ፤ ጫፉም ግድግዳውን ይዞ ከፍ ይበል። የላስቲክ ቦታው ይኸው ነው!

3ኛ/ 5 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይሞላ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ፣ ስድስት እጅ ጠጠር።

4ኛ/ በማግስቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ይለሰን፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ።

5ኛ/ 7 ቀን ሙሉ ውሃ ይጠጣ። «ደርቋል» ብሎ በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛ የሚያስገባ ሰው ሲሰነጠቅበት ሲሚንቶውን አይውቀስ።

ሲሚንቶው በጠቅላላው ባለ 50 ኪሎ 5 ከረጢት ገደማ ይበቃል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና ቦቲ አይዘንጋ። ለዚህም አቅም የሌለው ቢያንስ መሬቱን ጠቅጥቆ በጭቃና በእበት ይለቅልቀው፤ በላዩም በየጊዜው ተነስቶ የሚራገፍ ሰሌን ያንጥፍ። አፈሩ ይተነፍሳል፣ ቤቱም ይጠረጋል።

ለአከራዮችም አንድ ቃል አለን። ተከራይ በገዛ ገንዘቡና በላቡ ወለል ሲያሠራ ዝም ብሎ አይቶ፣ በወሩ «ቤቱ አምሯል፣ ኪራይ ጨምር» ማለት ነውር ነው! ሠርቶ መቀጣት አለ እንዴ? ተከራዮችም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወጪው ከኪራዩ እንዲታሰብ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ምስክርም አቁሙ።

ጉልበቱን በተመለከተ «ግንበኛ መቅጠሪያ የለኝም» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ድንጋይ ለመደርደርና አሸዋ ለመንፋት ማን ያቅተዋል? ሦስት አራት ቤት ሆነን ብንቧደን፣ ዛሬ የእርስዎን ነገ የእኔን እያልን በደቦ ብንሠራ፣ ግንበኛ የሚያስፈልገን ሊሾውን ለማስተካከል ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ የምንጣፋችሁን አንድ ጥግ ገልጣችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።