ፍላሽ የሚዘምርላቸው ልጆች

ከድምፅ ማጉያ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። ሰርግ ላይ ተጣልተናል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣልተናል፣ ለቅሶ ድንኳን ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ባልጠረጠርኩት ቦታ አገኘሁት፤ የእህቴ ልጅ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ።

ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት፣ በሦስት ረድፍ የቆሙ ሕፃናት። የመዘምራን ቡድኑ ሊያቀርብ ነው ሲባል ወላጅ ሁሉ ስልኩን ከፍ አደረገ። ዘፈኑ የወጣው ግን ከልጆቹ አፍ ሳይሆን ግራና ቀኝ ከተገተሩት ስፒከሮች ነው፤ የማላውቃቸው አዋቂዎች ይዘፍናሉ፣ ልጆቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መሀል ላይ ዘፈኑ የተጫነበት ፍላሽ እምቢ አለ። ስፒከሩ ዝም ሲል ልጆቹም ዝም አሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ደግሞ ያምር ነበር! አስተማሪዋ ገላመጣቻትና እሷም ተወችው።

እህቴ ለሸሚዙም ለከረባቱም ከፍላለች። «ታዲያ የሙዚቃ አስተማሪው የት ነው?» ብዬ አንዱን ኃላፊ ብጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ሰጥተነዋል፤ ደግሞም መሣሪያ የለንም» አለኝ።

መሣሪያ! ኤኖክ ሶንቶንጋ ምን መሣሪያ ነበረው? ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለ የሜቶዲስት ሚስዮን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወጣት ነበር። በደቡብ አፍሪካ የሚስዮን ትምህርት ቤቶች መዝሙር ይሰጥ የነበረው ዶ፣ ሬ፣ ሚን በፊደል ብቻ በሚጽፍ ዘዴ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃዋል። ለድጓ ተማሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የእኛ ሊቃውንትም ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ፊደል አኑረው ሲያዜሙ ኖረዋል። ሶንቶንጋ በ1897 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) «ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ»ን ደረሰ፤ ተማሪዎቹ ዘመሩት። ዛሬ የአንድ አገር ብሔራዊ መዝሙር ከፊሉ ይኸው ነው፤ ዜማው ታንዛኒያና ዛምቢያም ገብቷል።

እሱ ግን ይህን አላየም፤ በ1905 ገና በወጣትነቱ ሞተ። መዝሙሩን በአገሩ ካዳረሱት ዋነኞቹ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ፣ ጆን ዱቤ ደርባን አጠገብ ኢናንዳ ላይ የመሠረቱት፣ ኦህላንጌ ይባላል። በኋላ ኤ.ኤን.ሲ. የተባለው የጥቁሮች የፖለቲካ ድርጅት በጥር 1912 ብሉምፎንቴይን ላይ ሲቋቋም፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት እኚሁ ዱቤ ናቸው። ከመዝጊያው ጸሎት በኋላ የተዘመረውም የሶንቶንጋ መዝሙር ነው።

የኦህላንጌን መዘምራን የመራው ሩበን ካሉዛ ነበር፤ እዚያው ተምሮ እዚያው ያስተማረ ሰው። ልጆቹን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ የሚያገኙት ገንዘብ ትምህርት ቤቱን ይደግፋል። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እዚያ መዘምራኑ ትምህርት ቤቱን ያበላሉ፤ እዚህ ወላጅ ለከረባት ይከፍላል። ሕዝቡም ወደ አዳራሹ የሚተመው ከረባት ለማየት አልነበረም። በ1913 የወጣው ሕግ ለጥቁሮች ከመሬቱ ሰባት በመቶ ገደማ ብቻ ሲተውላቸው፣ ካሉዛ ስለዚያው ሕግ ዘፈን ደረሰ። ከተማ ገብቶ የተደናገረው ወጣትም በዘፈኖቹ ውስጥ ራሱን ያገኝ ነበር። የተማሪዎች ቡድን የነበረው የሕዝብ ድምፅ ሆነ።

ሒሳብ ይቀድማል ለሚሉኝ፦ ኦህላንጌ የእጅ ሙያ ጭምር የሚያስተምር ድኻ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዘፈኑን ግን አልሰረዘም። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

አንጀቴን የሚበላው ግን ሌላ ነገር ነው። ሶንቶንጋ መዝሙሮቹን በደብተር ይጽፍ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ሰዎች እየተዋሱት ደብተሩ የገባበት ጠፋ ይባላል። ባለቤቱም የመዝሙሩን መብት በስድስት ፔንስ ሸጠችው ይላሉ። መቃብሩ እንኳ ተፈልጎ ተገኝቶ ብሔራዊ ቅርስ የተባለው በ1996 ነው፤ ያኔ ፕሬዚዳንቱ ማንዴላ ነበሩ። እኚሁ ማንዴላ፣ በ1962 እኛ አገር ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት፣ በ1994 የሕይወታቸውን የመጀመሪያ ድምፅ የሰጡት ኦህላንጌ ግቢ ሄደው ነው።

እኛስ ጋ ስንት ደብተር ጠፍቶ ይሆን? ለወላጆች ቀን፣ ለሰንደቅ ዓላማ፣ ለዛፍ ተከላ በየትምህርት ቤቱ መዝሙር የደረሱ መምህራን ነበሩን። ዜማቸው እስከ ዛሬ አፋችን ላይ አለ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ያለፉም አሉ። ደብተራቸው ምናልባት ከአልጋ ሥር ሣጥን ውስጥ ነው፤ ምናልባትም ሱቅ ሄዶ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል።

ስለዚህ ቤተሰባችሁ ውስጥ መዝሙር ያስተማረ አባት፣ አክስት ወይም አያት ካለ ዛሬውኑ ሣጥኑን ክፈቱ። በሕይወት ካሉ አስዘፍናችሁ በስልካችሁ ቅዱ። ደብተሩን ካገኛችሁ ለልጅ መሞነጫጨሪያ አትስጡት፤ ወመዘክር ውሰዱት። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ይህን ካነበቡ፣ ስፒከሩን ሽጠው አስተማሪ ይቅጠሩ፤ ያቺን ትንሽ ልጅ ደግሞ ፊት መሥመር ላይ ያቁሙልኝ።