ስለ ግል የአፈር ግድቦች ለነጋዴዎች የቀረበ አሳብ



በዚህ ጋዜጣ ስለ ዋጋ፥ ስለ ጭነትና ስለ ባንክ ብድር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለጊዜው ከንግድ የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በመስኖ የሚበቅለውን ሽንኩርትና ቲማቲም ገና ከማሳው ሳይነሣ ቅድሚያ ገንዘብ እየከፈለ የሚገዛውን ነጋዴ ሁሉ ይመለከታል። ይኸውም ባለ እርሻዎች በየሸለቆው አፈር ቈልለው የሚሠሩት ትንንሽ ግድብ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ግድቡ የሠሪው ንብረት ነው፤ ስለዚህ ጥበቃውም የርሱ ዕዳ ነው።

ባለፈው ክረምት አሠሪዬ ቅድሚያ ገንዘብ ሊሰጡበት ያሰቡትን አንድ እርሻ አይቼ እንድመለስ ከፔዳ ላኩኝ። የሥፍራውንም የባለቤቱንም ስም አልጽፍም፤ ሰው ለማሳፈር አልተነሣሁምና። ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ከብትም ይወጣበታል ይወርድበታል። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ትርፉ ውኃ እንዲወጣበት በጎን የተተወው ማስተንፈሻ አሸዋ በተሞላ ጆንያ መደፈኑ ነው። ምክንያቱን ዘበኛውን ብጠይቀው፤ «ጋሼ፥ ውኃው በከንቱ እንዳይፈስ ነው፤ ለበጋ ይጠራቀምልን ብለው ነው» አለኝ። በግድቡ እግር በኩል መሬቱ ረጥቦ ቄጠማ አብቅሏል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጢስ የሚወጣባቸው ቤቶች አሉ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ደብዳቤ በመጻፍና መዝገብ በመያዝ የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ በማውቀው በሒሳብ ልናገር። ርዝመቱ 50 ሜትር፥ ስፋቱ 40 ሜትር፥ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ውኃ ብዙ ሰው እንደ ኩሬ ይቈጥረዋል። ነገር ግን 6,000 ሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 10 ኩንታል ስለሚመዝን ጠቅላላው 60,000 ኩንታል ይሆናል። ይህም እያንዳንዳቸው 400 ኩንታል የጫኑ 150 ተሳቢ መኪናዎች ማለት ነው። ይህን የሚያህል ዕቃ በመጋዘናችን ቢኖር ዘበኛ፥ መድንና ቈጣሪ ሳናቆምለት አናድርም። የውኃው ዘበኛ ግን የሽንኩርቱን ሌባ እንጂ ግድቡን እንዲጠብቅ የታዘዘ አይደለም።

ባለሙያዎችን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት የአፈር ግድብ ትልቁ ጠላት በአናቱ ላይ የሚሻገር ውኃ ነው። የሲሚንቶ ግድብ ለጊዜው ሊችለው ይችላል፤ አፈር ግን ከታች እየተሸረሸረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይናዳል። በባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፥ ማስተንፈሻ መድፈን የማሰሮን አፍ ደፍኖ እሳት እንደ ማንደድ ነው። ሁለተኛው ጠላት ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ውኃ ነው። ከእግሩ የሚወጣው ጥቂትና የጠራ ከሆነ እየለኩ መጠበቅ ይቻላል፤ የደፈረሰ እንደ ሆነ ግን የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና ውኃውን ቀስ በቀስ አጉድሎ፥ በታች ያሉትን ሰዎች አስነሥቶ፥ መሐንዲስ መጥራት ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ሥር ሲበሰብስ፥ ጃርትና ፍልፈል ሲቈፍሩ፥ ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ፥ ሁሉም ለዚህ ውኃ መንገድ ይጠርጋሉ።

በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ሳውዝ ፎርክ የሚባለው የአፈር ግድብ የሀብታሞች መዝናኛ ክለብ ንብረት ነበር። ባለቤቶቹ ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አደረጉት፤ ዓሣው እንዳያመልጥም በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አቆሙ። በግንቦት 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1889) ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፤ ግድቡም ፈርሶ በጆንስታውን ከተማ 2,209 ሰው አለቀ። ለዓሣ ሲባል! ከክለቡም በፍርድ ካሣ ያገኘ ሰው የለም። ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። በናኩሩ አውራጃ በሶላይ፥ ፓቴል የተባለው የግል እርሻ ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በሌሊት ተደርምሶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የውኃው ባለሥልጣኖችም ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው ገለጹ፤ ይህን የተናገሩት ግን ሬሣው ከተለቀመ በኋላ ነው።

«የኛ ግድብ ትንሽ ነው» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የምፈራው ስለ ትንሽነቱ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋም የአፈር ግድብ ነው፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝና 7,000 ሔክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደው በመሐንዲሶች ነው፤ ኀላፊ የሆነ መሥሪያ ቤትም አለው። ትንሹን ግን ማን ያየዋል?

ሕግ የለንም ለማለት አይቻልም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197/1992 በእጅ ለሚቈፈር ጕድጓድ፥ ለባህላዊ መስኖና ለመሳሰለው ካልሆነ በቀር የውኃ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 2069 የመሬትን አቀማመጥ ለውጦ ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፥ አደጋው በደረሰ ጊዜ ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ ካሣ ይከፍላል ይላል። እንግዲህ ግድቡ የፈረሰበት ባለ እርሻ ካሣ እየከፈለ የኛን ቅድሚያ ገንዘብ ከወዴት አምጥቶ ይመልሳል?

ስለዚህ ምክር ቤታችን አንድ የውል አንቀጽ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ነው እላለሁ። ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት ባለ ግድቡ ፈቃዱን ያሳይ፤ ከክረምት በፊትና በኋላ ያስመረመረበትን የመሐንዲስ ጽሑፍ ያቅርብ፤ በክረምትም በየቀኑ የሚያየውና የታች ሰዎችን ስልክ የያዘ ሰው ይመድብ። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን የጠየቅን እንደ ሆነ ሻጩ ወደ ሌላ ገዢ ይሄዳል ይላል። እውነት ነው፤ አንቀጹ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ይሁን የምለው ለዚሁ ነው።

አሠሪዬ መጀመሪያ «ለሽንኩርት ግዢ መሐንዲስ ምን ያደርጋል?» ብለው ስቀውብኝ ነበር፤ የ150ውን መኪና ሒሳብ ሳሳያቸው ዝም አሉ። ለዚያ እርሻ ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተሰጠም። ባለቤቱ ጆንያዎቹን አነሣለሁ ሲል ልኮብናል፤ በሚመጣው ሳምንት ሄጄ አያለሁ።