ባንክ የሚዘጋው ገበያ

መቀመጫው ለንደን የሆነው ኦንሊፋንስ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ፣ ግልጽ የሩካቤ ሥዕል ከኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ እንዳይሸጥበት መወሰኑን እ.ኤ.አ. በኦገስት 19 ቀን 2021 አስታወቀ። ከገቢያቸው ከመቶ 20 እጅ እየከፈሉ በዚሁ ለሚተዳደሩት ሻጮች የተሰጣቸው ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሸቀጡን ነውር ነው የሚል ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ነጋዴን ሊያሳስበው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም የከለከለው ሕግ ወይም ዳኛ ሳይሆን፣ ሥራ አስኪያጁ እንደ ገለጹት፣ የባንኮች እምቢታ መሆኑ ነው። ሕግ የፈቀደው ንግድ በባንክ ሹም ብዕር ሊዘጋ አይገባውም። ሻጮቹ አጥብቀው ስለ ጮኹ ውሳኔው በስድስተኛው ቀን ቀረ። የአሜሪካው ተምብለር በዲሴምበር 2018 የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ ሲከለክል ግን አቤቱታ የሰማ አልነበረም፤ ሠዓሊዎቹም ለዓመታት ያፈሯቸውን ደንበኞች ይዘው ሊወጡ አልቻሉም።