ዘይትና እሳትን የለየው ዱቄት

ሎስ አንጀለስ ታክሲ ስትነዱ የኖራችሁ ወገኖች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤንዚን በድንገት ሲወደድ «ደግሞ ምን መጣ?» ብላችሁ ይሆናል። ከምክንያቶቹ አንዱ ዱቄት ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባዱ ዘይት ተሰነጣጥቆ ቤንዚን የሚሆነው እንደ ደቃቅ አሸዋ ባለ ካታሊስት አማካይነት ነው። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ሥራ የሚያፋጥን ማለት ነው። ዳሩ ግን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ጥቀርሻ ለብሶ ይደክማል። ያልታሰሰ ምጣድ እንጀራ እንደሚይዘው መሆኑ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ ወደ ሁለተኛ ጋን ይወርድና አየር እየተነፋበት በ700 ዲግሪ ገደማ ጥቀርሻው ይቃጠልለታል፤ ታድሶም ሙቀቱን እንደያዘ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሳት የማያስለቅቀውም አለ፤ ከድፍድፉ ጋር የሚመጡት ኒኬልና ቫናዲየም ተጣብቀው ይቀራሉ። ለዚህ ነው ጥቂት አሮጌ እየወጣ አዲስ የሚጨመረው።

ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው። በአንዱ ጋን የዘይት ትነት፣ በሌላው አየርና እሳት! ሁለቱን የሚለያቸው በቫልቭ ላይ የተከመረው ያው ዱቄት ነው። ዱቄቱ ደግሞ ቀንና ሌሊት ሲወርድ ቫልቩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2015 ቶራንስ በነበረው የኤክሶንሞቢል ማጣሪያ የሆነው ይኸው ነው። ክፍሉ ሥራ አቁሞ ጥገና ይጠብቃል። የተበላው ቫልቭ ዱቄቱን መያዝ ስላቃተው ትነቱን የሚገታው የእንፋሎት ግፊት ብቻ ነበር። ለጠጋኞቹ ሲባል እንፋሎቱ ሲቀነስ የዘይቱ ትነት በማደሻው ጋን አልፎ በኤሌክትሪክ ከሚሠራው የአቧራ ማጥመጃ ደረሰ። ማጥመጃው አልጠፋም ነበር፤ ብልጭ አለና ፈነዳ። አራት ሠራተኞች ቆሰሉ። 36 ቶን ያህል የሚመዝን ስብርባሪ በረሮ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከያዘ ታንክ አጠገብ፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ወደቀ። ታንኩ ቢበሳ ኖሮ ስለ ቤንዚን ዋጋ ባላወራን!

እኔን የገረመኝ ግን ወረቀቱ ነው። የዚያን ቀን የተሠራበት መመሪያ በ2012 ለተመሳሳይ ጥገና የተዘጋጀ ነበር። ያኔና አሁን አንድ መሆናቸውን በደንብ ያመሳከረ አልነበረም።

በኤፕሪል 2018 ደግሞ በሱፒሪየር፣ ዊስኮንሲን፣ ነገሩ ተገልብጦ መጣ፤ አየሩ ወደ ዘይቱ ዘለቀ። 36 ሰዎች ተጎዱ፤ ከ2,500 በላይ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። እዚያም ቫልቩ ተበልቶ ነበር።