አሮጌ የመኪና ማስታወቂያ ምን ያስተምረናል?

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገርበት ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የጨዋታ ነገር ሊመስል ይችላል። ይኸውም ከስድሳ ዓመት በላይ ስለ ሆነው ስለ አንድ የመኪና ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ከአንባቢዎቻችን መካከል በጁባ ከተማ ለሥራ ተቀምጠው፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው ለቤተ ሰባቸው መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ስላሉ፣ ከዚህ አሮጌ ወረቀት የሚገኘው ትምህርት ገንዘብንም ሕይወትንም የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል «ዐወቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ያልታወቀውን ነገር እንዲታወቅ የሚያደርግ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይነግረናል። የነጋዴም ማስታወቂያ ዕቃው ምን እንደሚመስልና ለምን እንደሚጠቅም ይነግረናል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዓላማቸው ልዩ ልዩ ነው። የመሥሪያ ቤቱ እንድናውቅ ይፈልጋል፤ የነጋዴው ግን ዐውቀን እንድንገዛ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት በልቡ ያላኖረ ገዢ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ሆኖ ይቀራል።

አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ አገር ተሰብስበው ስለ ማስታወቂያ ሲጨዋወቱ፣ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ገጽ አለ። ይህም በ1959 እ.ኤ.አ.፣ ማለት በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ በአሜሪካ አገር መውጣት የጀመረው የቮልስዋገን ማስታወቂያ ነው። ያዘጋጀው በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ገጹን ያቀናበረው ሄልሙት ክሮን፣ ጽሑፉን የጻፈው ጁልየን ኬኒግ ነበር። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ነጋዴ መኪናውን ከእውነተኛ መልኩ ይልቅ አስረዝሞና አስፍቶ በሥዕል ማሳየት ልማዱ ነበር። ይህ ማስታወቂያ ግን ገጹን ከሞላ ጐደል ባዶ ትቶ፣ መኪናይቱን በአንድ ማዕዘን እንደ ጥንዚዛ አሳንሶ አስቀመጠና፣ አንባቢው ትንሹን ነገር እንዲያስብ በሁለት ቃል መከረው። «አድቨርታይዚንግ ኤጅ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔትም በ1999 እ.ኤ.አ. ይህን የማስታወቂያ ሥራ የ20ኛው መቶ ዓመት አንደኛ ብሎ መርጦታል።

ስለዚህ ገጽ የሚከራከሩት ወዳጆች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን፣ «ሻጩ የዕቃውን ትንሽነት ሳይደብቅ ስለ ተናገረ እውነተኛ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «እውነተኛስ አይደለም፤ ብልህ ነው እንጂ። ነውር የሚመስለውን ነገር አስቀድሞ ራሱ ስለ ተናገረ፣ ገዢው ሌላውን ነውር ሳይፈልግ ቀረ» ብሎ ይመልሳል። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት በዚህ ክርክር ላይ በደንብ ይሠራል። ይኸው ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ሌላ ማስታወቂያ፣ የአንዲት ቮልስዋገንን ሥዕል አሳይቶ «ብልሹ ናት» የሚል ቃል ከሥሯ ጻፈ። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ በውስጧ ባለው በዕቃ ማስቀመጫው ሣጥን ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጌጥ ጉድፍ ስላለባት መርማሪው ከፋብሪካው እንዳትወጣ ከለከላት አለ። እንግዲህ ነውርን መናገር ምርመራውን ለማመስገን ዋለ ማለት ነው።

እንደ እኛ አሳብ ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል ናቸው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ዘመን ነው። አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው የተስፋውን ቃል ያምናል እንጂ ሊመዝነው አይችልም። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ግን ያንኑ ቃል በስድሳ ዓመት ሥራ መዝኖ ያየዋል። አሮጌ ማስታወቂያ የሚወደድበት ዋናው ምክንያትም ይህ ይመስለናል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ጥንዚዛ የምትመስለው ቮልስዋገን ፈተናውን በብዙ መንገድ አልፋለች። የመጨረሻይቱ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ እስክትሠራ ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ያህል ተሠርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፣ ራዲያተር የላትም። በአሜሪካ ውሃዋ አይረጋም ተብሎ የተመሰገነችበት ነገር፣ በእኛ አገር ዳገት ላይ ደግሞ ውሃዋ አይፈላም ለማለት ተመቸ።

በኢትዮጵያ ሕዝቡ ይህችን መኪና በአጭሩ «ቮልስ» ብሎ ይጠራታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና ቮልስዋገን ስለ ነበረች፣ ትንሽነቷ በታሪክም ይታወሳል። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቮልስ ስትሄድ ትታያለች። ይህን ያህል ዘመን እንድትኖር ያደረጋት ግን በማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ ነገር ነው፤ እርሱም የመካኒኩ እጅ ነው። የጋራዥ ሠራተኞቻችን ሥራውን ከነቋንቋው ስለ ወረሱ፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጎማ የሚባሉት የጣሊያንኛ ቃላት ዛሬ የአማርኛ ቃላት ሆነዋል። አማርኛ የሚማር ሰው እነዚህን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ በጋራዥ ደጃፍ ቶሎ ይማራቸዋል።

አሁን ወደ ጁባ እንመለስ። ማስታወቂያ ስለማይናገረው ነገር በዚያች ከተማ ግልጥ የሆነ ምሳሌ አለ። የጥንት መኪና የሚያድስ ሰው የአሮጌ መጽሔት ሥዕል ሲያይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መሪው በየት በኩል እንዳለ ይመለከታል። መኪናው በግራ ለሚነዳ ወይስ በቀኝ ለሚነዳ አገር እንደ ተሠራ ከዚያ ይታወቃልና። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተዛወረች። ጁባ በዚያን ጊዜ የነበረችባት ሱዳን ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በነሐሴ 1973 እ.ኤ.አ.፣ እንዲሁ አደረገች። ስለዚህ ከዚያ በፊት በጁባ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ቢገኝ ለአገሩ የተስማማ ነበር። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣም በቀኝ መንዳቱን ይዛ ቀጠለች። ነገር ግን ጐረቤቶቿ ኡጋንዳና ኬንያ በግራ የሚነዱ ስለ ሆኑ፣ በእነርሱ በኩል የሚገባው ብዙ መኪና መሪው በቀኝ ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ መልሱ ቀላል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በአስፋልት ተሠርቶ ባለቀው በ192 ኪሎ ሜትሩ የጁባና የኒሙሌ መንገድ ላይ፣ መሪው በቀኝ የሆነ ሾፌር ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያስብ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን የሚያየው አብዛኛው የመኪናው አካል ወደ ግራው መስመር ከወጣ በኋላ ነው። እንደዚሁም የእንዲህ ያለ ሚኒባስ በር በግራ በኩል ስለሚከፈት፣ ተሳፋሪው ወደ መንገዱ መካከል ይወርዳል። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን በዚያ በር ሲወርድ ምን ሊያገኘው እንደሚችል እያንዳንዱ ወላጅ ያስብበት። መኪናው በፎቶግራፍ ላይ ሲያበራ ግን ይህ ሁሉ አይታይም።

ስለዚህ በጁባም ሆነ በሌላ ቦታ መኪና ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ፣ የማስታወቂያውን ቃል ካነበበ በኋላ ያልተጻፈውን እንዲጠይቅ እንመክራለን። በመጀመሪያ፣ መሪው ለአገሩ መንገድ የተስማማ ነውን? ሁለተኛ፣ በክረምት መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት ጊዜ ሆዱ መሬት እንዳይነካ በቂ ከፍታ አለውን? ሦስተኛ፣ መለዋወጫው በከተማው ይገኛልን? ጠባዩን የሚያውቅ መካኒክስ አለን? አራተኛ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ ነውን? ይህንንም ሁሉ በቀን ብርሃን፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የታመነ መካኒክ ይዞ መመርመር ይገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተገዛ መኪና በመንገድ ላይ ጥሎ ይቀራል።

የቤቱ እመቤትም በዚህ ምክር ውስጥ እንድትገባ እናሳስባለን። ለመኪናው የሚወጣው ገንዘብ ከልጆች ትምህርትና ከቤት ወጪ ጋር የሚመዘን ስለ ሆነ፣ ውሳኔው የባልና የሚስት የጋራ ውሳኔ ሊሆን ይገባል። ከስድሳ ዓመት በፊት የወጣው ያ ገጽ አንባቢውን ትንሹን ነገር እንዲያስብ መክሮት ነበር። እኛም ምክሩን ተቀብለን፣ መኪና ስንገዛ እንደ መሪው፣ እንደ በሩና እንደ ካንዴላው ያሉትን ትንንሽ ነገሮች አስቀድመን እንይ እንላለን።