የቀለብ ደረሰኝ መያዝ ነውር አይደለም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ልጅ ቀለብ ናቸው። ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች ዛሬ ወላጅ ሆናችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ተለያይታችሁ በየፊናችሁ ልጅ እያሳደጋችሁ ነው። ስለዚህ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው፦ ቀለብ ስትከፍሉ ማስረጃ ያዙ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «እንዴት የልጄን እናት ፈርሚልኝ እላታለሁ? ነውር አይደለም እንዴ?» እኛ ጋ ወረቀት የሚወጣው መተማመን ሲያልቅ ነው የሚል እምነት አለ። እኔ ግን መተማመንን የሚጨርሰው ያለ ወረቀት የሚደረግ ክፍያ ነው ባይ ነኝ።

አንድ የማውቀው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በጥሬ ብር ሲሰጥ ኖረ። አንዳንዴ ለእናትየው፣ አንዳንዴ ለእህቷ፣ ሲቸኩል ደግሞ በጎረቤት ልጅ። ኋላ ፍርድ ቤት ተገናኙ። እሱ «ሁሉንም ሰጥቻለሁ» አለ፤ እሷ «የደረሰኝ የጥቂት ወር ነው» አለች። ማስረጃ ሲጠየቅ ምንም የለም። እኮ ማን ዋሸ? ምናልባት ማንም። በሰው እጅ የተላከው እሷ ጋ አልደረሰ ይሆናል።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ግዴታ አለብህ የሚል መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። ስለዚህ ቀለብ ከተወሰነብህ በኋላ «ከፍያለሁ» ካልክ የማስረዳቱ ሸክም ያንተ ነው።

ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የልጁን ስምና «የጥቅምት ወር ቀለብ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዝም ብሎ የተላከ ብር ብድርም ስጦታም ሊባል ይችላል። ስልክ ይሰረቃል፣ መልእክት ይጠፋል፤ በየስድስት ወሩ ማኅተም ያለበት ስቴትመንት ከባንክ አውጡ። በእጅ መስጠት የግድ ከሆነ ቀን፣ ወር፣ መጠንና ፊርማ ያለበት ደብተር ይኑር። በሦስተኛ ሰው አትላኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብን ምግብ ብቻ አያደርገውም፤ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርትም አለበት። ይሁንና ፍርድ ቤት በወር ይህን ያህል ብር ለእናትየው ይከፈል ካለ፣ ጫማና ቦርሳ ገዝቶ «ይቀነስልኝ» ማለት አያስተማምንም። ልትገዙ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

እናቶች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ያው ደብተር ያልተከፈለውን ወርም ያሳያል። አምጣ ሲባል «ባለፈው ሰጥቼሽ የለ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ተጽፏል። ስትቀበሉ ፈርሙ፣ ኮፒውንም ያዙ።

ይህን ሁሉ የምለው ለፍርድ ቤት ብዬ ብቻ አይደለም። የክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ክፍያ ለምን እንደዘገየ ስጠይቅ «አባቴ ከፍያለሁ ይላል፣ እናቴ አልከፈለም ትላለች» ብለው አንገታቸውን የሚደፉ ልጆች አይቻለሁ። ማስረጃ በሌለበት ቤት ምስክር የሚሆነው ልጁ ነው። የትኛውን ወላጅ ውሸታም ይበል?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ልጆቻችሁ ጥርጣሬ አይውረሱ። ፈርሚልኝ ማለት ከከበዳችሁ «ለልጃችን ሲባል መዝግበን እንያዝ» በሉ። ለሚጠቅመው ሰው አድርሱልኝ።