ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ፊውዝ መቀየር

«ውበቱ አባተ ጥሩ አሰልጣኝ ናቸው?» ብላችሁ ኳስ ወዳድ አሥር ሰው መሀል ጥያቄውን ጣሉት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንደኛው «ዋልያዎቹ ኳስ ይዘው ሲጫወቱ ያየነው በሳቸው ጊዜ ነው» ይላል። ሌላኛው «ኳሱን ይዘን ምን አገኘን? ተሸንፈን መጣን» ይላል። አንዱ ስልኩ ላይ የቅብብል ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ሌላው ውጤት ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው።

ሁለቱም ጎራ ተሳስቷል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው አሰልጣኝን በሐሳቡ ብቻ ይመዝናል፣ ሁለተኛው በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ። በአሰልጣኙ እጅ የነበረውን ካልነበረው ሳይለዩ የሚደረግ ግምገማ ደግሞ ግምገማ አይባልም፤ ወይ ውዳሴ ነው ወይ ስድብ።

ከቁጥሯ እንጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ የሰውነት ቢሻው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ አንድ ነጥብ አግኝቶ ከምድቡ መጨረሻ ወጣ። በ2022 ካሜሩን ላይ የውበቱ ቡድንም አንድ ነጥብ፣ የምድቡ መጨረሻ። ቁጥር ብቻ ይፍረድ ካልን ሁለቱ አሰልጣኞች እኩል ናቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ምንም አልተለወጠም ማለት ነው። ጨዋታዎቹን ያየ ሰው ግን ይህን አይልም። የሰውነት ቡድን በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 ያዘ። በሚቀጥለው ጨዋታ የቡርኪና ፋሶ በረኛ በቀይ ሲወጣ ደግሞ አንድ ሰው በልጦ እየተጫወተ ሦስት ጎል ተጨምሮበት 4 ለ 0 ተሸነፈ። አንዷ ነጥብ ውስጥ ጀግንነትም አለ፣ መፍረክረክም አለ። ቁጥሯ ሁለቱንም ትደብቃለች።

ወደ ውበቱ እንመለስ። ለ2022ቱ ዋንጫ «ያሳለፉን እሳቸው ናቸው» ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ማጣሪያውን የጀመሩት ግን አብርሃም መብራቱ ናቸው፤ ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 ያሸነፈው በ2019 የነበረው የሳቸው ቡድን ነው። ውበቱ ቀሪውን ተረከቡ፣ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፉ። በመጨረሻው ቀን አቢጃን ላይ 3 ለ 1 ተሸንፈን ነው ያለፍነው፤ ማዳጋስካር በሜዳው ኒጀርን ማሸነፍ ስላቃተው። ከዘጠኙ ነጥብ ስድስቱ የውበቱ፣ ሦስቱ የአብርሃም ነው። ይህን መናገር ውበቱን ማሳነስ አይደለም፣ ሒሳቡን በትክክል መያዝ ነው። በኛ አገር ግን ሁልጊዜ ሙሉው ጭብጨባም ሙሉው ድንጋይም የሚያርፈው በመጨረሻ ወንበሩ ላይ በተገኘው ሰው ላይ ነው።

አሁን ጥንካሬውን እንመዝን። የውበቱ ትልቁ ሥራ ቡድኑን ኳስ እንዳይፈራ ማድረጋቸው ነው። ይህ ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ቡናን በ2011 ሻምፒዮን ሲያደርጉም በኳስ የሚያምን ቡድን ነበራቸው። አብዛኛው ተጫዋች በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወት ብሔራዊ ቡድን ይዞ ከኋላ መሥርቶ መውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ማስረጃ ካላችሁኝ ሰኔ 2022 ሊሎንግዌን እጠራለሁ። ከአራት ወር በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰችውን ግብፅን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባስቆጠሯቸው ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ሁለቱም ጎል የገባው ከዕረፍት በፊት ነው። «ሳላህ አልነበረም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አልነበረም። እኛም አገራችን አልነበርንም። «የሜዳችን ጨዋታ» የተባለው ማላዊ ላይ ነበር።

ድክመቱስ? እዚህ ላይ ደጋፊዎቻቸው ይቆጡኛል። ሦስት ጨዋታ ደርድሩ። ጥቅምት 2021፣ ባሕር ዳር፣ ደቡብ አፍሪካ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፣ ከዚያ ሁለት ተቆጠረብንና 3 ለ 1 ተሸነፍን። ጥር 2022፣ ካሜሩን፤ ዳዋ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፣ በ8ኛው ደቂቃ አቻ ሆንን፣ ከዕረፍት መልስ አቡባከር በ53ኛውና በ55ኛው ደቂቃ አከታትሎ አገባብን፣ 4 ለ 1 አለቀ። መጋቢት 2023፣ ሞሮኮ፣ ጊኒ፤ ሁለት ጎል አግብተን 3 ለ 2 ተሸነፍን።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ስህተት አንዴ ሲታይ ገጠመኝ ልትለው ትችላለህ። ያው ስህተት በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሁኔታ፣ ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ ግን ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የዚህ ቡድን አሠራር ጨዋታው እንደታሰበው ሲሄድ ቆንጆ ነበር። ነገሩ ሲለወጥ፣ ጎል አግብተህ ተጋጣሚ ተቆጥቶ ሲመጣብህ፣ ለአሥር ደቂቃ ጨዋታውን ማቀዝቀዝ፣ ኳሱን አርቆ መምታት፣ ኋላ ተሰብስቦ መቆየት አልነበረበትም። ኬፕ ቨርዴ ላይ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ሲወጣ 1 ለ 0 ብቻ መሸነፋችን ቡድኑ መከላከል ጨርሶ እንደማይችል ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ያሳያል። መከላከል ግዴታ ሲሆንበት ይችላል። መቼ መከላከል እንዳለበት መምረጥ ነው ያቃተው። ያንን የሚመርጠው ደግሞ መስመሩ ዳር የቆመው ሰው ነው። ይህ የሜዳ ጉዳይ አይደለም፣ የበጀትም አይደለም። በአሰልጣኙ እጅ የነበረ ነገር ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ውበቱ ጠንካራ አስተማሪ፣ ደካማ የጨዋታ መሪ ነበሩ። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ስለሚደባልቅ ነው መልስ የሌለው።

በእጃቸው ያልነበረውስ? ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አልነበረንም። ጋናን በ«ሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው፣ ግብፅን ሊሎንግዌ፣ ጊኒን ሞሮኮ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ቡድኑን በሰው አገር ባዶ ወንበር ፊት ያጫውታል፣ ከዚያ «አሰልጣኙ ምን ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚጠይቀው ደግሞ ስታዲየሙን ማስጨረስ የነበረበት ወገን ራሱ ሲሆን ቀልዱ ይመርራል።

ይህም አዲስ አይደለም። በ2013 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን አሸንፈን ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ ምክንያቱ ምንያህል ተሾመ በቢጫ ካርድ ቅጣት ላይ እያለ መሰለፉ ነው። ካርድ መቁጠር የቢሮ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ቡድኑ ምድቡን አሸንፎ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ዙር ደረሰ። በ2014 መጀመሪያ ቻን ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ሲሸነፍ ግን የተሰናበቱት ሰውነት ናቸው።

ከዚያስ? «ፈረንጅ ይምጣ» ተባለና ፖርቱጋላዊው ማርያኖ ባሬቶ መጡ፤ በማጣሪያው ከአራት ቡድን አራተኛ ወጣን። ከዚያ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። በሰውነትና በውበቱ መካከል፣ ሰባት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ አምስት ሰው። ይህ አሰልጣኝ መምረጥ አይደለም፣ ፊውዝ መቀየር ነው። ቤት ውስጥ ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር አዲስ ፊውዝ ገዝቶ የሚከት ሰው አንድ ቀን ቤቱ ይቃጠልበታል፤ ምክንያቱም መስመሩን አንድም ቀን አላየውም።

«ታዲያ አሰልጣኝ አይባረር ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ይባረር። ውበቱም ከጊኒው ሽንፈት በኋላ መሄዳቸው በራሱ ግፍ አይደለም። ግፉ ምን እንደተማርን ሳይጻፍ መሄዳቸው ነው። ስንብቱን ሰማን፣ ግምገማውን ግን አላየንም። ኳስ ይዞ የመውጣቱ ሥራ ይቀጥል ወይስ ይቅር? ከጎል በኋላ የሚመጣው መፍረክረክ ከየት መጣ? የሚቀጥለው ሰው ይህን ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። በኔ ሙያ ሰው ሥራ ሲለቅ ቢያንስ ኮዱ ይቀራል። እዚህ ሰውዬው ሲሄድ ኮዱንም አብረን እንሰርዛለን።

«ስታዲየም የለም» የሚለው ሰበብም ቢሆን ሁሉን አያጥብም። ስታዲየም ቢኖር ቡድኑ ባሕር ዳር ላይ በደጋፊው ፊት በደቡብ አፍሪካ ያገኘው ሽንፈት አይሰረዝም። አሰልጣኞቻችን ከቢሮው ጥፋት ጀርባ እንዲደበቁ መፍቀድ እነሱን መውደድ አይደለም፤ አዋቂ ሰው አድርጎ አለመቁጠር ነው። ቢሮው ደግሞ ከአሰልጣኙ ጀርባ ይደበቃል። እርስ በርስ ተከላልለው እኛ ማንንም ሳናይ እንቀራለን።

የሚቀጥለው አሰልጣኝ ሲሾም፣ ከመሳደባችንም ከማጨብጨባችንም በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ምን ተረከበ? ምን ተከለከለ? የትኛውን ስህተት ሦስቴ ደገመ? ለመጀመሪያው ጥያቄ የቀድሞው አሰልጣኝ ይመስገን ወይም ይወቀስ። ለሁለተኛው ቢሮው ይጠየቅ፣ በስም። ለሦስተኛው አሰልጣኙ ራሱ መልስ ይስጥ፣ ያለ ሰበብ።